ጓሮዬ ውስጥ ያገኘኋቸው ሦስት ዝንቦች፣ ጥፋተኛዋ የትኛዋ ናት?

የሐዋሳ_ጓሮ · ጥቅምት 3

ሰላም ለሁላችሁ። ዝንብ የሚለይ ሰው ካለ እባካችሁ ይርዳኝ። የምኖረው ሐዋሳ ነው። ጓሮዬ ውስጥ ሁለት የዘይቱን ዛፍና አንድ ማንጎ አለ፤ እናቴ ናት የተከለቻቸው። ድሮ ልጆቹ ዛፉ ላይ እንዳሉ ነበር በልተው የሚጨርሱት። አምናና ዘንድሮ ግን አንድ ደህና ፍሬ ማግኘት አቃተን። ከውጭ ሲያዩት ምንም አይልም፣ ሲከፍቱት ውስጡ ነጭ ትል ይርመሰመሳል።

የዛሬ ሳምንት የሃይላንድ ጠርሙስ በስቼ፣ አቼቶና ስኳር በጥብጬ ዛፉ ላይ ሰቀልኩ። ትናንት አወረድኩት። ሁለት ዓይነት ዝንብ ገብቶበታል። አንደኛዋ ትንሽዬ ናት፤ ዓይኗ ቀይ፣ ገላዋ ወደ ቢጫ ያደላ ቡናማ። ሁለተኛዋ እሷኑ ትመስላለች፣ ግን ከራሷ ጀምሮ በጀርባዋ የሚወርድ ነጭ መስመር አላት። ሦስተኛዋን ያገኘኋት ጠርሙሱ ውስጥ አይደለም፣ ጎመኑ አጠገብ ያለው አበባ ላይ ነው። ንብ ትመስላለች፣ ቢጫና ጥቁር ናት፣ አየር ላይ ቀጥ ብላ ትቆምና ድንገት እልም ትላለች። የሦስቱንም ፎቶ አያይዣለሁ።

መድኃኒት የሚሸጥበት ሱቅ ጠይቄ "ሁሉንም ይጨርስልሻል" ብለው ማላታይን ሸጡልኝ። ቅዳሜ ልረጭ አስቤያለሁ። ግን ልጆች አሉ፣ ዶሮዎችም አሉኝ፣ ሳላውቅ መርጨቱ ፈራሁ። ጥፋተኛዋ የትኛዋ ናት?


የገበሬ_ልጅ · ጥቅምት 3

እህቴ ሁለተኛዋ ናት። ጀርባዋ ላይ መስመር ያላት ከእስያ የመጣችው የፍራፍሬ ዝንብ ናት፣ ማንጎ የምትጨርሰዋ። እኛ አካባቢም ስለሷ ሥልጠና ተሰጥቶን ነበር፤ ያኔ የተነገረን "ሁለት መስመር ካየህ እሷ ናት" የሚል ነው። ቶሎ እርጪ፣ ከዘገየሽ ማንጎውም አይተርፍልሽም።


ሰብል_ጠባቂ · ጥቅምት 3

የገበሬ ልጅ፣ የሰማኸው ትክክል ነው፣ ግን ይችኛዋን አይመለከትም። ላስረዳ።

እህቴ፣ የቅዳሜውን ነገር ለጊዜው ተይው። እኔ ሰብል ጥበቃ ላይ ዕድሜዬን የጨረስኩ ሰው ነኝ፣ አሁን ጡረታ ላይ ነኝ። በዚህ ሁሉ ዘመን ያየሁት ትልቁ ስህተት ሰው ዝንቧን በስልኩ አጉልቶ ያነሳታል፣ መጠኗን ግን አይነግርህም። ፎቶ ላይ ሁሉም እኩል ነው። ስለዚህ አንድ ነገር አድርጊልኝ። የጠርሙሱን ውሃ በጨርቅ አጥልዪና ዝንቦቹን ነጭ ሰሃን ላይ ዘርጊያቸው። አጠገባቸው አንድ ፍሬ ጤፍ፣ አንድ ፍሬ ተልባና አንድ ፍሬ ስንዴ አስቀምጪ። ጤፍ 1 ሚሊ ሜትር ገደማ ናት፣ ተልባ ከ4 እስከ 5፣ ስንዴ 6 ወይም 7። ከዚህ የተሻለ ማስመሪያ በእያንዳንዱ ቤት የለም።

ምን እንደምትፈልጊ ልንገርሽ። ከእስያ የመጣችው ከስንዴዋ ትንሽ ትበልጣለች፣ ከ7 እስከ 8 ሚሊ ሜትር ናት። ላላወቃት ሰው ተርብ ትመስላለች። ክንፏ ጥርት ያለ ነው፤ የፊት ጠርዙ ላይ ብቻ ቀጭን ጥቁር መስመር አለው። ትከሻዋ ላይ ግራና ቀኝ ሁለት ቢጫ መስመር ይወርዳል፣ ሆዷ ላይ ደግሞ የላቲኑን ቲ ፊደል የሚመስል ጥቁር ምልክት አለ። መሐል ላይ ሦስተኛ ቢጫ መስመር ካየሽ ሌላ ናት፣ ዱባና ሐብሐብ የምትወጋዋ ዘመዷ ልትሆን ትችላለች።

የሜዲትራኒያን ዝንብ የሚሏት ደግሞ ተልባዋን ታክላለች። እሷን በክንፏ ነው የምትለዪያት፦ ቢጫ ቡናማ ቀበቶ ዞሮበታል፣ ሥሩ ላይ ጥቁር ነጠብጣብ ተረጭቶበታል። ስትቀመጥ ክንፏን ወደ ጎን ዘርግታ ዘንበል ታደርገዋለች። ጀርባዋ ጥቁርና ነጣ ያለ ዥንጉርጉር ሆኖ ያብረቀርቃል።

ሌላም ጥያቄ አለኝ። ትሉ ይፈናጠራል?


አዲስ_ተከላ · ጥቅምት 4

ጋሼ ይቅርታ ጣልቃ ገባሁ፣ ትል ይፈናጠራል ሲሉ ምን ማለትዎ ነው? እኔ አዲስ አበባ ኮክ አለኝ፣ ትሉን አይቼዋለሁ፣ ሲፈናጠር ግን አላየሁም።


ሰብል_ጠባቂ · ጥቅምት 4

ልጄ፣ ትሉ ሲደርስ ከፍሬው ወጥቶ አፈር ውስጥ መግባት አለበት። ያኔ ራሱንና ጭራውን አገናኝቶ እንደ ቀስት ይለጠጥና ይለቀዋል። ቁመቱን ብዙ እጥፍ ይዘላል። ይህን የሚያደርገው የእውነተኛዋ የፍራፍሬ ዝንብ ትል ነው። ጠላና ጠጅ ላይ የምትሰፍረው የትንሿ ቀይ ዓይን ትል ይሳባል እንጂ አይዘልም። ያንተ ገና ያልደረሰ ሊሆን ይችላል፤ በደንብ የበሰለና የወደቀ ኮክ ክፈትና ጠብቅ።


የሐዋሳ_ጓሮ · ጥቅምት 5

ጋሼ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። እንዳሉት አደረግኩ። ተልባ ከጎረቤት ነው የተበደርኩት።

ቀይ ዓይኗ ሁለት ጤፍ ተኩል ብትሆን ነው። ነጭ መስመር ያላት ሦስት ጤፍ አትሞላም። ተልባዋ አጠገብ ሳስቀምጣት ሁለቱም ኮሰሱ! በፎቶ ሳያት እኮ ግዙፍ ነበረች። መስመሩን በልጄ አጉሊ መነጽር አየሁት፤ ነጭ ነው፣ ቢጫ አይደለም፣ ግራና ቀኙ በጥቁር ታጥሯል። ሁለት ሳይሆን አራት መስመር ነው።

ትሉን በተመለከተ፣ ከሥር ከወደቁት አንዱን ሰሃን ላይ ከፈትኩት። መጀመሪያ ምንም አልሆነም። ሻይ ልቅዳ ብዬ ዞር ስል ልጄ "እማ ዘለለ!" ብሎ ጮኸ። አንዱ ከሰሃኑ ወጥቶ ጠረጴዛው ላይ ተገኘ፣ ከዚያ ሌላው። በዓይኔ አየሁት፣ ተጠቅልሎ ጧ ብሎ ነው የሚዘለው።

ታዲያ ትሉ ይዘላል፣ ጠርሙሱ ውስጥ ያሉት ደግሞ ትናንሾቹ ናቸው። እንዴት ነው ነገሩ?


ሰብል_ጠባቂ · ጥቅምት 5

መልሱን እኮ አንቺው አገኘሽው። ጥፋተኛዋ ጠርሙስሽ ውስጥ የለችም።

አቼቶ የሚጠራው የፈላ ነገር የምትወደውን ነው። ቀይ ዓይኗ ድሮሶፊላ ትባላለች፤ ቶማስ ሞርጋን የሚባለው ሳይንቲስት እ.ኤ.አ. በ1933 ኖቤል የተሸለመው እሷን እያራባ ስለ ውርስ ባወቀው ነገር ነው። ነጭ መስመር ያላት ዘመዷ ናት፤ የአፍሪካ የበለስ ዝንብ ይሏታል፣ የኛው አህጉር ልጅ ናት። ሁለቱም ዘይቱንሽ ጋ የሚደርሱት በአብዛኛው ፍሬው ከቆሰለና ማሽተት ከጀመረ በኋላ ነው። ደህና ፍሬ መውጋት አይሆንላቸውም። የፍራፍሬ ዝንቧ እናት ግን ሆዷ ጫፍ ላይ እንደ መርፌ የሾለ መውጊያ አላት፤ ገና ጠንካራ የሆነውን ፍሬ በስታ እንቁላሏን ውስጡ ታስቀምጣለች። ከውጭ የሚታየው የመርፌ ጫፍ የምታክል ነጥብ ብቻ ነው። ለዚህ ነው "ምንም አይልም" ያልሽው።

አሁን ማንነቷን ለማወቅ አንድ መንገድ አለ፦ አሳድጊያት። ባልዲ ውስጥ አራት ጣት ያህል እርጥብ ያለ አሸዋ አድርጊ። በላዩ ወንፊት ወይም የእንጨት ርብራብ አኑሪና ትል ያለባቸውን አሥር ዘይቱኖች ደርድሪበት፤ ፍሬው ሲበሰብስ አሸዋውን እንዳያጨቀየው ነው። አፉን በስስ ጨርቅ ሸፍነሽ በላስቲክ እሰሪው። ጥላ ቦታ ይቀመጥ። ትሎቹ ወርደው አሸዋው ውስጥ ቡናማ የስንዴ ፍሬ የመሰለ ቅርፊት ይሆናሉ፣ ከዚያ ከሁለት ሳምንት በኋላ ዝንቦቹ ይወጣሉ። ስትወጣ ቶሎ አትግደያት። አዲስ የወጣች ዝንብ ቀለሟ አይጠናም፣ ሁሉም የገረጣ ነው። የስኳር ውሃ በጥጥ ነክረሽ ስጫትና ሦስት ቀን አቆያት።

ማላታይኑን በተመለከተ፣ ትሉ ፍሬ ውስጥ ነው፣ ርጭቱ አይደርስበትም። ንቦቹን ግን ይደርስባቸዋል።


ንብ_አርቢ_ዳሞት · ጥቅምት 6

ስለ ሦስተኛዋ ማንም አልተናገረምና እኔ ልናገር። እሷም ዝንብ ናት። ንብ አርቢ ሆኜ ስንት ሰው "ንቦችህ ጎመኔ ላይ ናቸው" ብሎ እንደጠራኝ አልቆጥረውም።

መለያዋ ክንፏ ነው። ንብ አራት ክንፍ አላት፣ ሁለቱ ትልልቅ ሁለቱ አነስ ያሉ። ዝንብ ሁለት ብቻ ነው ያላት። በሌሎቹ ሁለት ክንፎች ቦታ የክብሪት እንጨት የመሰለች፣ ጫፏ ክብ የሆነች ትንሽ ነገር ግራና ቀኝ ታያለሽ። ሚዛኗን የምትጠብቀው በሷ ነው። ክንፍ መቁጠር ከከበደሽ ፊቷን እዪ። የንብ አንቴና ረዘም ብሎ እንደ ክርን የታጠፈ ነው፤ የዝንቧ አጭር ነው፣ ከሩቅ አይታይም። የዝንቧ ዓይን ደግሞ ጭንቅላቷን ሊሞላ ምንም አይቀረው፣ በወንዱ አናት ላይ ሁለቱ ዓይኖች ይገጥማሉ። ንብ የአበባ ብናኝ ስትሰበስብ ኋላ እግሯ ላይ ተሸክማ ታያታለሽ፣ ይህችኛዋ አትሸከምም። አትናደፍምም፣ መናደፊያ የላትም፤ ንብ መምሰሏ ወፎች እንዲፈሯት ነው።

ከነዚህ ውስጥም ብዙ ዓይነት አለ። ቀጭንና ሆዷ ላይ ቢጫ ቀበቶ ያላት ካለች ልጆቿ ክሽክሽ በል ናቸው። ደንደን ያለችና ቡናማ የሆነች፣ ወንዱን ንብ የምትመስል ካየሽ ደግሞ እሷ የምትራባው ከጋጣ በሚወጣ ቆሻሻ ውሃ ውስጥ ነው፤ ትሏ እንደ አይጥ ረጅም ጭራ አለው፣ የሚተነፍስበት ነው። ፎቶሽ ላይ ያለችው ቀጭኗ ናት። ጎመንሽን አገላብጠሽ እዪ፣ ክሽክሽ አለበት?


የሐዋሳ_ጓሮ · ጥቅምት 6

ወይኔ! አለበት። ቅጠሉ ሥር ተቆልሏል። እና ንብ አርቢ፣ አንድ ነገር ልጠይቅህ። ክሽክሹ መሐል አረንጓዴ፣ እግር የሌለው፣ አንድ ጫፉ የሾለ ትል አለ፣ ሲሄድ ራሱን ወዲያ ወዲህ ያወዛውዛል። እኔ ጎመኑን የሚበላው እሱ መስሎኝ በየቀኑ ጠዋት በጣቴ ስፈጨው ነው የከረምኩት።


ንብ_አርቢ_ዳሞት · ጥቅምት 6

እሱ ነው የዝንቧ ልጅ። ራሱን የሚያወዛውዘው ዓይን ስለሌለው ክሽክሽ በዳሰሳ እየፈለገ ነው። አንዱን ክሽክሽ በአፉ ይይዝና ወደ ላይ አንስቶ ይመጠዋል፣ ባዶ ቆዳውን ይጥለዋል። ፀሐይ ሞቅ ሲል አሥር ደቂቃ ቁጭ ብለሽ ብታዪው ታዪዋለሽ። ከነገ ጀምሮ አትንኪው።


የሐዋሳ_ጓሮ · ጥቅምት 7

አየሁት። ከልጄ ጋር ተቀምጠን ስድስት ክሽክሽ ሲበላ ቆጠርን። ቅዳሜ ብረጭ ኖሮ መጀመሪያ የምትሞተው እሷ ነበረች ማለት ነው። የማላታይኑን ጠርሙስ ቆልፌ ቆጥ ላይ አስቀመጥኩት።

ባልዲውም ተዘጋጅቷል፣ አሥር ዘይቱን ገብቷል።


ማንጎ_አርባምንጭ · ጥቅምት 9

ከእስያ የመጣችው ከሆነች አዝናለሁ። እኛ ጋ ማንጎ ላይ የምታደርሰውን ያየ ያውቀዋል። ፍሬው ወደ ቢጫ ሲያደላ ነው የምትወጋው። እኔ አሁን ሳይበስል፣ ግን ቅርጹ ሞልቶ ትከሻው ሲወጣ ነው የምለቅመው፤ ቤት ውስጥ ይበስላል። እንዲያ ሳደርግ በጣም ቀንሶልኛል። ጋሼ፣ ስሟን ግን ንገሩን፤ አንዳንዱ ወረቀት ላይ ሌላ ስም ነው የሚጻፈው፣ ሁለት የተለያዩ ዝንቦች መስለውኝ ነበር።


ሰብል_ጠባቂ · ጥቅምት 9

ጥሩ ጥያቄ ነው። እ.ኤ.አ. በ2003 ኬንያ ውስጥ ስትገኝ ለአህጉሩ እንግዳ ነበረች። በዓመቱ በ2004 እኛም አገር ተገኘች። በ2005 እንደ አዲስ ዝርያ ተቆጥራ ባክትሮሴራ ኢንቫደንስ የሚል ስም ወጣላት፤ ወራሪዋ እንደማለት ነው። በኋላ ግን እስያ ውስጥ ከምትታወቀው ባክትሮሴራ ዶርሳሊስ ጋር ሲያስተያዩአት፣ ቅርጿም፣ ዘረመሏም፣ መራባቷም አንድ ሆኖ ተገኘ። በ2015 ሁለቱ ስሞች አንድ ተደረጉ። ስለዚህ የድሮ ወረቀት ላይ ኢንቫደንስ ካየህ እሷው ናት። ዝንብ የሚለዩ ሊቃውንት ራሳቸው ይህን ለማጥራት አሥር ዓመት ፈጅቶባቸዋል፤ እኛ በአንድ ፎቶ ባንለያት አይግረመን።


ከነታንያ · ጥቅምት 11

ሰላም ከእስራኤል። እኛም ግቢ ሸሴክ የሚሉት የሎኳት ዛፍ አለ፣ በፀደይ የምትወጋው ያችው የሜዲትራኒያኗ ዝንብ ናት። ስሟ ሰው ያሳስታል፤ ትውልዷ ከሰሐራ በታች ያለው አፍሪካ ነው። እዚህ ሰው ፍሬው ገና ትንሽ ሳለ ዘለላውን በወረቀት ከረጢት ያስረዋል። በአራባ በረሃ ደግሞ በጨረር የመከኑ ወንዶች ይለቀቃሉ፣ እንስቷ ከነሱ ጋር ተገናኝታ የምትጥለው እንቁላል አይፈለፈልም። ባለቤቴ ሲነግረኝ አላመንኩትም ነበር።


ሰብል_ጠባቂ · ጥቅምት 11

እመኚው። በዚሁ ዘዴ የቆላ ዝንብን ለመቀነስ ቃሊቲ ውስጥ ወንዶችን የሚያመክን ማዕከል ተቋቁሟል። ለጓሮ ግን የወረቀት ከረጢቱ ይበቃል።


የሐዋሳ_ጓሮ · ጥቅምት 27

ተመለስኩ! ወጡ!

ትሎቹ በመጀመሪያዎቹ አራት ቀናት አሸዋው ውስጥ ገብተው አለቁ። በ19ኛው ቀን ጠዋት ጨርቁ ሥር ሦስት ዝንብ አየሁ። ገርጥተው፣ ክንፋቸው ተጨማዶ። ጋሼ ባይነግሩኝ ኖሮ "ምንም መስመር የላቸውም" ብዬ ልጽፍላችሁ ነበር። የስኳር ውሃ ሰጠኋቸው። በማግሥቱ ሌሎች ወጡ። በሦስተኛው ቀን ቀለማቸው ጠና፤ ትከሻቸው ላይ ሁለቱ ቢጫ መስመር ቁልጭ ብሎ ወጣ፣ በመስመሮቹ መጨረሻ ወገቧ ላይ አንድ ቢጫ ነጥብ አለ፣ ሆዷ ላይ ቲ። ስንዴዋ አጠገብ አስቀመጥኳት፣ ትበልጣለች።

በጠቅላላው 31 ዝንብ ወጣ። 27ቱ እነዚህ ናቸው። አራቱ ግን ሌላ ናቸው፤ ያነሱ፣ ክንፋቸው ባለ ቀበቶ፣ ዓይናቸው አረንጓዴና ሐምራዊ የሚያብለጨልጭ። እንዴት ነው የሚያምሩት! ሁለቱም ከአንድ ዛፍ ይወጣሉ እንዴ?


ሰብል_ጠባቂ · ጥቅምት 27

ጎበዝ፣ በጣም ጎበዝ። አዎ፣ አንድ ዛፍ ላይ ሁለቱም ይኖራሉ። 27ቱ ዶርሳሊስ ናቸው፣ በገለጽሽው ልክ።

አራቱ ላይ ግን እርጋታ ይፈልጋል። ባለ ቀበቶ ክንፍ ማለት ሴራቲቲስ የሚባለው ወገን ነው፣ እሱ ደግሞ አፍሪካ ውስጥ ብዙ ዘመድ አለው፤ የማንጎዋ አለች፣ ሌሎችም አሉ። እንስቶቹን በዓይን መለየት ያስቸግራል። ወንድ ካለሽ ግን ግንባሩን በአጉሊ መነጽር እዪ። የሜዲትራኒያኗ ወንድ በዓይኖቹ መሐል ሁለት ፀጉር አለው፣ የፀጉሩ ጫፍ ሰፍቶ እንደ ካርታ ዳይመንድ ነው። ይህ ካለ አለቀ። ከሌለ አራቱንም በአልኮል ጠርሙስ ውስጥ አድርገሽ፣ የተያዘበትን ቀንና ፍሬውን በእርሳስ ጽፈሽ እዚያው ከተማሽ ለሚገኝ የዕፅዋት ጥበቃ ባለሙያ ስጪ። በእስክሪብቶ አትጻፊ፣ አልኮል ያጠፋዋል።

የሚደረገው ግን ለሁለቱም አንድ ነው። የወደቀውን ፍሬ በየቀኑ ልቀሚ፣ አንድም እንዳይቀር። ጥቁር ፌስታል ውስጥ ከተሽ አፉን ጥብቅ አድርገሽ እሰሪና ፀሐይ ላይ አንድ ሳምንት አቆዪው፤ ወይም ቢያንስ ግማሽ ሜትር ጥልቀት ቅበሪው። ኮምፖስት ላይ አትጣዪው፣ ያ ለነሱ ማደጊያ ነው። ዶሮዎቹን ዛፉ ሥር ልቀቂያቸው፣ አፈሩን ጭረው ቡናማዋን ቅርፊት ይለቅሟታል። ዛፉ ላይ ያለውን ደግሞ እንደ ነታንያዋ እህታችን በወረቀት ሸፍኚ።


የገበሬ_ልጅ · ጥቅምት 28

ጋሼ፣ እኔ ነበርኩ ቶሎ እርጪ ያልኳት። ነጭና ቢጫ መስመር ለይቼ አላውቅም ነበር። ዛሬ የኛን ዘይቱን ባልዲ ውስጥ አስገብቻለሁ።


የሐዋሳ_ጓሮ · ኅዳር 1

ወንዱን አገኘሁት፣ ግንባሩ ላይ ሁለቱ ዳይመንድ ቁልጭ ብለው ይታያሉ። የሜዲትራኒያኗ ናት።

አርባ ፍሬ በጋዜጣ ሸፍኛለሁ። አሁን ያስጨነቀኝ ሌላ ነው። ከአጥሩ ማዶ የጎረቤታችን የእማማ ካዝሚር አለ፣ ትልቅ ዛፍ ነው፣ ሥሩ ሁልጊዜ በወደቀ ፍሬ የተሞላ ነው። አንዱን ከፍቼ አየሁ፣ ትሉ ዘለለ። እማማ አቅም የላቸውም፣ ለቃሚም የላቸውም። ሄጄ ቡና አብረን እየጠጣን ባልዲውን አሳየኋቸው። "እኔ እኮ ዛፉ ያረጀ መስሎኝ ላስቆርጠው ነበር" አሉ። ከነገ ጀምሮ ጠዋት ጠዋት እኔና ልጄ እንለቅምላቸዋለን። ግን ካዝሚሩ ረጅም ነው፣ በወረቀት መሸፈን አይቻልም። ምን ይደረግ?


ሰብል_ጠባቂ · ኅዳር 1

አትሸፍኚው። መልቀሙን ብቻ ሳትዘልይ ቀጥዪ፤ አንድ ቀን ካለፈሽ ትሉ አፈር ውስጥ ገብቷል። እማማ ከፈቀዱ ዶሮዎችሽን በአጥሩ አሾልኪያቸው።


የሐዋሳ_ጓሮ · ኅዳር 2

ፈቅደዋል። ዛሬ ጠዋት ሁለት ፌስታል ሞላን፣ ዶሮዎቹም ገቡ።